ስለ ፍርድ፤ የቃሉ ትርጓሜና በየዕለቱ የሚነገርበት አኳኋን

ፍርድ የሚለውን ቃል የማይናገር ሰው በአገራችን የለም። ገበሬው በድንበሩ ላይ፥ ነጋዴው በገበያ፥ እናት በልጆቿ መካከል፥ ካህኑ በስብከቱ፥ ዳኛው በችሎቱ ይናገረዋል። ነገር ግን ሁሉ የሚናገረውን ቃል ሁሉ ያውቀዋል ማለት አይደለም። ክስን ከፍርድ፥ ፍርድን ከቅጣት፥ ፍርድንም ከእርቅ ሳይለይ የሚናገር ብዙ ነው። ይህም ባለመለየቱ ያልበደለ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ ገንዘቡና መሬቱም ከእጁ ይወጣል። ስለዚህ ልጆች የዚህን ቃል ትርጓሜ በትምህርት ቤት እንዲማሩት፥ ማታም ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ለወላጆቻቸው እንዲያስረዱት ይህ ጽሑፍ ተዘጋጀ።

የቃሉ ምንጭና ዘመዶቹ

ፍርድ «ፈረደ» ከሚለው ግስ የወጣ ስም ነው። ፈረደ ማለት በሁለት ተከራካሪዎች መካከል ያለውን ነገር መርምሮ፥ እውነቱን ከሐሰት ለይቶ፥ መብቱን ለባለመብቱ ሰጠ ማለት ነው። የሚፈርደው ፈራጅ፥ የተፈረደበት ፍርደኛ፥ የሚፈረድበትም ስፍራ ፍርድ ቤት ይባላል።

ግዕዝ ለዚሁ ነገር ፍትሕ፥ ኵነኔ፥ ደይን የሚባሉ ቃላት አሉት። ኰነነ ማለት ገዛ፥ ፈረደ፥ ቀጣ ማለት ነው፤ መኰንን የሚለውም የሹመት ስም የወጣ ከዚህ ነው። በጥንት ዘመን አገር የሚገዛውና ዳኝነት የሚያየው አንድ ሰው እንደ ነበረ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። በአማርኛ ግን ኵነኔ የጽድቅ ተቃራኒ ሆኖ ለነፍስ ቅጣት ብቻ ይነገራል። ደየነም ፈረደ ማለት ነው፤ ዕለተ ደይን ስንል የፍርድ ቀን ማለታችን ነው። ዳኛና ዳኝነት የሚሉት የአማርኛ ቃላትም የዚሁ የደየነ ዘመዶች ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ፍትሕ የሚለው ነው። ፈትሐ በግዕዝ ሁለት ትርጓሜ አለው። አንደኛው የታሰረውን ፈታ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ፈረደ ማለት ነው። መፍታትና መፍረድ በአንድ ቃል የተነገሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ሰዎች በተጣሉ ጊዜ እንደ ተቋጠረ ገመድ ይሆናሉ፤ አንዱም ያለ ሌላው ወደ ሥራው መሄድ አይችልም። ዳኛው ሲፈርድ ቋጠሮውን ይፈታል፤ ሁለቱንም ነጻ ያወጣቸዋል።

ይህ ነገር በቀድሞ ዘመን በምሳሌ ብቻ ሳይሆን በግብር ይታይ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፥ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፥ የነጠላቸው ጫፍ እርስ በርሱ ተቋጥሮ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ይህም መቆራኘት ይባል ነበር፤ አንዱ ለሌላው ቁራኛ ይሆናል። ዛሬ ያ ልማድ ቀርቷል፤ ቃሉ ግን አልቀረም። በደዌ ምክንያት ከመኝታው መነሣት ያልቻለውን ሰው «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» የምንለው ከዚያ በተወረሰ አነጋገር ነው። እንግዲህ ቁራኛ ማሰሪያው፥ ፍትሕ መፍቻው እንደ ሆነ አስተውሉ።

ስለ «ለ» እና ስለ «በ»

አማርኛችን ፍርድን የሚናገርበት አኳኋን ጥበብ አለበት። «ፈረደ» በሚለው ግስ ውስጥ «ለ» ሲገባ «ፈረደለት» ይሆናል፤ ይኸውም መብቱን አገኘ ማለት ነው። «በ» ሲገባ «ፈረደበት» ይሆናል፤ ይኸውም ተረታ ማለት ነው። የግሱ ሥር አንድ ነው፤ የሚለየው አንዲት ፊደል ናት። ይህም አንድ ፍርድ ሁለት ፊት እንዳለው ያስተምራል። ለአንዱ ሳይፈረድለት ለሌላው አይፈረድበትም። ስለዚህ ዳኛ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ ሊፈርድ አይገባውም፤ በአንደበቱ የሚወጣው ቃል የሁለት ሰዎችን ቤት ይነካልና።

ከችሎት ውጭም ቃሉ በብዙ መንገድ ይነገራል። ሳይወድ በግድ መከራ የገጠመው ሰው «ፈርዶብኝ» ይላል። ይህ የሰው ዳኛ ፈረደብኝ ማለት ሳይሆን ዕድሌ ሆነ ማለት ነው። ነገሩን ዘርዝሮ የተናገረ ሰው «ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ» ይላል፤ መዝኑና እውነቱን ለዩ ማለቱ ነው። የተበደለና አቅም ያጣ ሰው «እግዚአብሔር ይፍረድ» ይላል፤ ከሰው ዳኛ በላይ ዳኛ አለ ማለቱ ነው። ዓይን እያየ የሚያዳላውን ዳኛ «ፍርደ ገምድል» ይሉታል፤ ፍርዱን ቆርጦ የሚያጎድል ማለት ነው። ፍርድ ጎደለ፥ ፍርድ ተዛባ የሚሉትም አነጋገሮች ፍርድን እንደ መስፈሪያና እንደ ሚዛን አድርገው የሚያሳዩ ናቸው። መስፈሪያ የሚያጎድል ነጋዴ የሚሰርቀው እህል ነው፤ ፍርድ የሚያጎድል ዳኛ ግን የሚሰርቀው የሰውን ኑሮ ነው።

ፍርድ ሊባል የሚገባው ምንድር ነው?

ሰው ሁሉ የተናገረው ቁርጥ ነገር ፍርድ አይደለም። ፍርድ ለመባል አራት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛ፥ ከሳሽ ክሱን በግልጽ መናገር አለበት። ሁለተኛ፥ ተከሳሽ ክሱን ሰምቶ መልስ ሊሰጥ ይገባዋል። ሦስተኛ፥ ምስክርና ሌላም ማስረጃ መቅረብ አለበት። አራተኛ፥ በነገሩ ውስጥ ጥቅም የሌለው ዳኛ ምክንያቱን ገልጦ ሊወስን ይገባዋል። ከእነዚህ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ የተነገረው ቃል ቁጣ ወይም አድልዎ ወይም ሐሜት ይሆናል እንጂ ፍርድ አይባልም።

ለዚህ በቀድሞ ዘመን የነበረው የሌባ ሻይ ነገር ጥሩ ምሳሌ ነው። ንብረት በጠፋ ጊዜ አንድ ብላቴና መድኃኒት አጠጥተው አእምሮውን ካሳቱት በኋላ በመንደር ይለቁት ነበር፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። በዚህ ነገር ክስ የለም፤ መልስ የለም፤ ምስክርም የለም፤ የሰከረ ልጅ እግር ብቻ አለ። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ ምክንያት ተዋረደ! ይህ ልማድ መቅረቱ መልካም ሆነ። ዛሬም ቢሆን «ልቤ ነገረኝ»፥ «መልኩ ሌባ ይመስላል»፥ «አባቱም እንዲሁ ነበረ» እያለ በሰው ላይ የሚፈርድ ሰው ሌባ ሻይን በሌላ መልክ የሚያስነሣ ነው።

ምስክርም ቢሆን ሳይመረመር አይታመንም። በመጽሐፈ ሶስና እንደ ተጻፈው ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች በሐሰት መስክረውባት ሶስና ለሞት ተወስዳ ነበር። ብላቴናው ዳንኤል ግን ሁለቱን ለያይቶ ከየትኛው ዛፍ በታች እንዳዩአት ለየብቻቸው ጠየቃቸው። አንዱ አንድ ዛፍ፥ ሁለተኛው ሌላ ዛፍ ተናገረ፤ ሐሰታቸውም ተገለጠ። ከዚህ የምንማረው የምስክር ክብር በሽበቱና በሹመቱ ሳይሆን በቃሉ እውነት መሆኑን ነው።

በቅሎና ጭብጦ

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ብለው ተርተዋል። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፤ መኳንንት የሚቀመጡባት፥ ነጋዴ የሚጭናት ናት። ጭብጦ ግን መንገደኛ በእጁ ጨብጦ የሚበላት ትንሽ ስንቅ ናት። ታዲያ ትልቋን ያጣ ሰው ስለ ምን ትንሿን አብልጦ ያዝናል? በቅሎይቱ የሄደችው ክስ ተሰምቶ፥ መልስ ተሰጥቶ፥ ምስክር ተቆጥሮ ነው። ባለቤቷ ቢረታም ሰው ሆኖ ቆሞ ተከራክሯል፤ ክብሩ አልጎደለም። ጭብጦይቱን የነጠቀው ግን «አንተ ምን ትላለህ?» ብሎ እንኳ አልጠየቀውም። ከጭብጦይቱ ጋር ሰውነቱን ናቀበት። የፍርድ ትርጓሜ በሙሉ በዚህች ተረት ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

በአገራችን ፍርድ የሄደበት መንገድ

በቀድሞ ዘመን የተጣሉ ሰዎች መንገደኛውን ሁሉ «ዳኛ ሁነን» ብለው ማቆም ይችሉ ነበር፤ እርሱም የመንገድ ዳኛ ይባል ነበር። «በሕግ አምላክ» ተብሎ የተለመነ ሰውም እጁን ሰብስቦ ይቆም ነበር። ተከራካሪዎቹ በዛፍ ጥላ ሥር ቆመው በቃል ጥበብ ይሟገታሉ፤ በቅሎ ወይም ማር እያስያዙ እሰጥ አገባ ይገጥማሉ፤ በዙሪያ የተቀመጡትም ሐሳባቸውን ከታናሽ እስከ ታላቅ በተራ ይሰጡ ነበር። ነገሩ ያላለቀለት ሰው ከዳኛ ወደ ዳኛ እያለ እስከ አፈ ንጉሡ፥ ከዚያም እስከ ንጉሡ ዙፋን ችሎት ይደርስ ነበር።

የተጻፈው ሕግ ፍትሐ ነገሥት ነበረ። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው ምዕት ዓመት በግብፅ አገር ኢብን አል አሳል በሚባል የቅብጥ ሊቅ በዐረብኛ ተሰብስቦ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። 51 አንቀጽ አለው፤ ፊተኞቹ 22 ስለ መንፈሳዊ ነገር፥ የቀሩት 29 ስለ ሥጋዊ ነገር ይናገራሉ። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። ከዚያ በኋላ የወንጀል መቅጫ ሕግ በ1923 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1949 ዓ.ም. በአዲስ ተተካ። የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም.፥ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1958 ዓ.ም. ወጡ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው ለፍርድ የሚገባ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ ወይም ፍርድ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ያዝዛል። እነሆ፥ የጭብጦይቱ ተረት የያዘችው ነገር በሕግ ተጽፎ ይገኛል።

ከፍርድ ጋር የሚደባለቁ ቃላት

ክስ ማለት የከሳሽ ቃል ነው። ማንም ሰው ሊከሰስ ይችላል፤ ንጹሕም ይከሰሳል። ስለዚህ «ተከሰሰ» ሲባል ሰምቶ «አጠፋ» ብሎ የሚያወራ ሰው የዳኛውን ወንበር ያለ ሹመት ይቀመጥበታል።

መጥሪያ ማለት በዚህ ቀን፥ በዚህ ሰዓት ቅረብ የሚል የፍርድ ቤት ወረቀት ነው። መጥሪያ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው በሌለበት ሊፈረድበት ይችላልና ወረቀቱን በመሶብ ሥር ማኖር ጥፋት ነው።

ብይንና ትእዛዝ ነገሩ ገና ሳያልቅ በመካከል የሚሰጡ ውሳኔዎች ናቸው፤ ምስክር ይቅረብ፥ ቀነ ቀጠሮው ይተላለፍ እንደሚሉት ያሉ ማለት ነው። ፍርድ ግን ዋናውን ነገር የሚቆርጥ ነው። በሥነ ሥርዓቱ ሕግ መሠረት ፍርድ ሲጻፍ ክርክር የተደረገበት ጭብጥ፥ የተሰጠው ውሳኔና የውሳኔው ምክንያት ሊገኙበት ይገባል። ስለዚህ የተፈረደበት ሰው «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ ድፍረት አይደለም፤ መልሱ በወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበትና።

ቅጣት ከፍርድ በኋላ የሚመጣ ነው። ዳኛው በወንጀል ነገር መጀመሪያ «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ይፈርዳል፤ ጥፋተኛ የሆነ እንደ ሆነ ቅጣቱን ይወስናል። በተራ አነጋገር ግን «የሞት ፍርድ»፥ «የእስራት ፍርድ» እየተባለ ሁለቱ በአንድነት ይጠራሉ።

ይግባኝ ማለት ቃሉ ራሱ እንደሚናገረው «ነገሬ ወደ በላይ ዳኛ ይግባልኝ» ብሎ መጠየቅ ነው። በወረዳ የተረታ ሰው ወደሚቀጥለው ከፍ ያለ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። ሰበር የሚባለው ደግሞ የመጨረሻ በሆነ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ሲገኝ ያን ስሕተት ለማረም የሚቀርብ ነው።

እርቅ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በፍርድ አንዱ ይረታል፥ አንዱ ይረታበታል። በእርቅ ግን ሽማግሌዎች ገብተው ሁለቱም ከሐሳባቸው ጥቂት ጥቂት ትተው ይታረቃሉ፤ በአንድ ማዕድም ይቀመጣሉ። እርቅ ለጎረቤት ሰላም እጅግ መልካም ነው። ሆኖም እርቅ በፈቃድ እንጂ በግድ አይሆንም፤ ደካማውን አስፈራርቶ «ታረቅ» ማለት በደልን በነጠላ መሸፈን ነው።

አለማወቅ ያመጣው ጉዳት

ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት እኔ በአንድ የገጠር ከተማ ለባላጉዳዮች ማመልከቻ ስጽፍ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ወረቀት በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። «ልጄ፥ ይህን አንብብልኝ» አሉኝ። ባነበው በእርሻቸው እኩሌታ ላይ ከጎረቤታቸው ጋር ያደረጉት ክርክር ተቆርጦ የተፈረደባቸው መሆኑን የሚያስረዳ የፍርድ ግልባጭ ነው። «እማማ፥ ይህ ወረቀት ከደረስዎ ስንት ቀን ሆነው?» አልኋቸው። «ፍርዱ የተነገረኝ ከሁዳዴ አስቀድሞ ነው፤ አሁን ፋሲካ አለፈ» አሉኝ። ቀኑን ብቆጥረው 73 ቀን ሆኖታል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ለእንዲህ ያለው ይግባኝ 60 ቀን ብሎ ወስኗል። «ስለ ምን ቶሎ አልመጡም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሰዎች ፍርድ አንዴ ከወጣ የተፈሰሰ ውኃ ነው፥ አይታፈስም አሉኝ፤ እኔም አምኜ ተቀመጥሁ። ዛሬ የመጣሁት ወረቀቱ ከእኔ ጋር ይቀበር እንደ ሆነ ወይም ለልጄ ይጠቅም እንደ ሆነ ልጠይቅህ ነው» አሉኝ።

በቂ ምክንያት ያለው ሰው ቀኑ ካለፈም በኋላ እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላልና ጻፍሁላቸው። ነገር ግን አለማወቅ በቂ ምክንያት ሆኖ አልተቆጠረላቸውም፤ ማመልከቻቸው ሳይቀበሉት ቀረ። ይግባኝ ብለው ቢሆን ይረቱ ነበር ብዬ አልናገርም፤ ያንን የሚያውቀው ነገሩን መርምሮ የሚፈርደው ዳኛ ነው። እኔ የምናገረው ሁለተኛ ዳኛ ሳይሰማቸው መቅረቱን ነው። ያስቀራቸውም ጠላት አይደለም፥ ድኅነትም አይደለም፤ ፍርድና የመጨረሻ ፍርድ አንድ ይመስሏቸው ስለ ነበር ነው። ማንበብ የሚችል አንድ ልጅ በቤታቸው ቢኖር ኖሮ ከ73 ቀን 13ቱ ባልተረፉም ነበር።

ምክር ለተማሪዎች

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ወደ ቤታችሁ የፍርድ ቤት ወረቀት የመጣ እንደ ሆነ ሦስት ነገር ፈልጋችሁ አንብቡ። መጀመሪያ፥ ወረቀቱ መጥሪያ ነው፥ ትእዛዝ ነው፥ ወይስ ፍርድ ነው? ቀጥሎ፥ የተጻፈው ቀንና ወር ስንት ነው? ከዚያም፥ ቅረቡ የሚል ቀጠሮ ወይም ይግባኝ የሚጠየቅበት ጊዜ አለውን? ይህን ለወላጆቻችሁ በግልጽ ንገሩ፤ ያልገባችሁ እንደ ሆነ ሳታፍሩ በዚያው ቀን የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ። ቀን ሰውን አይጠብቅም።

በትምህርት ቤትም ፍርድን ተለማመዱ። የአንዱ ልጅ እርሳስ የጠፋ እንደ ሆነ «ሌባው እገሌ ነው» ብላችሁ አትጩሁ። የጠፋበት ይናገር፤ የተጠረጠረው ይመልስ፤ ያየ ይመስክር፤ መምህሩ ይመርምር። ምስክር ካልተገኘ ልጁ እንደ ቀድሞው ጓደኛችሁ ነው። እርሳስ ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ «ሌባ» የሚል ስም ግን በልጅ ላይ ከተለጠፈ እስከ ሽምግልና ሊከተለው ይችላል። ያለ ፍርድ የሄደች ስም ከጭብጦ ይልቅ ታሳዝናለች።

ከሁሉም በፊት ሰው በራሱ ላይ መፍረድ ይማር። ያጠፋ ልጅ ሳይከሰስ «እኔ ነኝ» ቢል ዳኛውን ከድካም፥ ባልንጀራውንም ከሐሰት ክስ ያድናል። እንዲህ ያለ ልጅ ባደገ ጊዜ ቢመሰክር ይታመናል፥ ቢሸመግል ይሰማል፥ ዳኛም ቢሆን ፍርድ አያጎድልም።